ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ለጀማሪ የሚሆን ድንኳን መትከያ

ከስዊድን፦

ሰላም ለናንተ ይሁን የወሎ ልጆች። በታኅሣሥ አጋማሽ ልጆቼን ይዤ ደሴ እናቴ ዘንድ እመጣለሁ። ልጆቹ ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው፤ ከትምህርት ቤት ጋር ጫካ ገብተው በድንኳን አድረው ያውቃሉ። አሁን «በአያታችን አገርም እንደር» ብለው ይዘውኛል። እኔ ግን ለዚህ ነገር ገና ጀማሪ ነኝ። ጸጥ ያለ፣ ከመኪና መንገድ ያልራቀ፣ ሌሊት የማያሳስብ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ከኮምቦልቻ፦

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ቦታ አይጠፋም። እኔም ከውጭ ተመልሼ ነው እዚህ የምኖረው፤ ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት የመንገዱ ነገር። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ግጭት ታውቂያለሽ። ዛሬ ክፍት የሆነው መንገድ ነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በምትነሱበት ዕለት ጠዋት፣ የምትሄጂበት ቦታ ለሚኖር ሰው ደውለሽ ጠይቂ፤ «እስቲ ይቆያችሁ» ካለሽ አትከራከሪው። ያኔ ድንኳኑን እናትሽ ግቢ ውስጥ ትከሉት። ልጆቹ አያታቸው በር ላይ ማደራቸውም ቀላል ደስታ አይደለም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ፣ ቦታ ከመፈለግሽ በፊት ባለቤት ፈልጊ። ስዊድን ከሰው ቤት ራቅ እስካልሽ ድረስ በሌላ ሰው መሬት ላይም ቢሆን አንድ ሁለት ሌሊት ተክሎ ማደር መብት ነው። እኛ ዘንድ በሕጉ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ይባል እንጂ ባለይዞታ የሌለው ሜዳ የለም። ባዶ የመሰለሽ ሣር የመንደሩ የወል ግጦሽ ነው፤ የታጨደው ማሳ የአንድ ገበሬ ነው፤ ጥላው ደስ ያለሽ ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ይሆናል። ለማንም ሳትናገሪ ገለል ብለሽ ብትተክዪ፣ ማታ የባትሪ ብርሃን ያየ ሰው ለመንደሩ ይነግራል፤ መንደሩም እነማን እንደሆናችሁ ሊያጣራ ይመጣል። ቢመጣም አይፈረድበትም። የእገሌ እንግዳ ተብለሽ ከገባሽ ግን ያው መንደር ይጠብቅሻል፤ የቀበሌውንም ነገር ባለቤቱ ራሱ ይነግርልሻል። እዚህ አገር ተረጋግተሽ የምትተኚው ሰው ሲያውቅሽ ነው።

እኔ የምመርጥልሽ ሐይቅ ከተማን ነው። ከደሴ በወልድያ አስፋልት ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከከተማዋ እስከ ውኃው ዳር በባጃጅ ትደርሻለሽ። ዳር ላይ ሎጅ አለ። አስቀድመሽ ደውለሽ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ይቻል እንደሆነና ዋጋውን ጠይቂ። አጥር፣ መጸዳጃ ቤትና ዘበኛ ያለበት ቦታ ለመጀመሪያ ሌሊት ወደር የለውም፤ ልጆቹ ቢፈሩ ወይም ብርዱ ቢጠና ክፍል ይዘሽ ትገቢያለሽ። ዘመድ ካለሽ ግን የዘመድ ጓሮ ይሻላል።

ስትተክሉ ባለቤቱ አብሯችሁ ይቁም። አንድ ጊዜ እዚያው አካባቢ ያሳደሩን ሽማግሌ ጓሯቸውን ሁሉ አዙረው አሳዩን። ዝቅ ያለውን፣ ሣሩ ለምለም የሆነውን ቦታ በከዘራቸው ወጋ ወጋ አደረጉና «ይህ ውኃ የሚተኛበት ነው፤ ጤዛውም እዚህ ይከብዳል» አሉ። ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ ወጥተን ዛፎቹን እንድናይ ነገሩን፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል። ድንኳኑን ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥተን ተከልነው። ካስማውንም ራሳቸው ናቸው ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው በድንጋይ የመቱልን። ጠዋት ታች ያለው ሣር በውኃ የታጠበ ይመስል ነበር፤ እኛ ያደርንበት ደረቅ ነው። እንዲህ ያለውን እውቀት ከየትም ካርታ አታገኚውም።

ልጆቹ ውኃው ውስጥ እንዳይገቡ። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ አካባቢውም ቢልሃርዚያ የሚባለው በውኃ የሚተላለፍ በሽታ የሚገኝበት ነው። አሳውን ግን ብሉ፤ የሐይቅ ቆሮሶ ተጠብሶ በሚጥሚጣ ሲቀርብ ልጆቹ አይረሱትም። የእስጢፋኖስ ገዳም ቅርብ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ታላቅ ቦታ ስለሆነ በአቅራቢያው ሙዚቃ መክፈት ነውር ነው። የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም።

የአርዲቦና የማይባር ሐይቆችም ውብ ናቸው፤ ከዋናው አስፋልት ወጣ ስለሚሉ ግን ለሌላ ጊዜ አቆዪአቸው። የጦሳን ተራራ በቀን ወጥታችሁ ደሴን ከላይ እዩአት፤ ለማደር ብርዱ አይቻልም። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን ጥብቅ ደን ነው፤ ያለ ፈቃድ አይታደርበትም።

ከደሴ፦

ወንድማችን ጥሩ አድርጎ ጽፏል። እኔ ጤና ባለሙያ ስለሆንኩ ስለ ብርዱ ልጨምር።

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል አራት ዲግሪ ይለያል ማለት ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ይከፋል። ሰው ከላይ ጋቢ ይደራርባል እንጂ ብርዱ የሚጠናው ከምድር ነው። ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ፍራሽ አንጥፉ፤ ካልተገኘ የበግ አጎዛ ከቤት አይጠፋም።

እህቴ፣ ይህን አደራ፦ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቢ፤ ለአንድ አፍታም ቢሆን። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። አላለፈም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡናውን ደጅ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙት። ለካምፕ የሚሆነውን የጋዝ ቆርቆሮም ከዚያ ይዘሽ አትምጪ፤ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው።

የተረፈ ምግብና አጥንት ድንኳን አጠገብ አይደር፤ ጅብ ይጠራል። ልጆቹ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ አንቺ ባትሪ ይዘሽ አብረሽ ውጪ። የግቢው ውሻ ካለም ቀን ላይ ባለቤቶቹ ያለማምዷቸው።

ከስዊድን፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የአጎቴ ባለቤት ወገኖች ሐይቅ ግቢ እንዳላቸው እናቴ አሁን ነገረችኝ። ነገ እደውላለሁ። ለነሱ ምን ይዤ ብሄድ ይሻላል? ገንዘብ ልስጥ ወይስ ነውር ነው?

ከኮምቦልቻ፦

ዘመድ ከሆኑ ስትገቢ ገንዘብ አታንሺ፤ ቅር ይላቸዋል። ቡናና ስኳር ይዘሽ ግቢ፤ ስትወጪ ለልጆቻቸው በእጃቸው ብታስይዢ ማንም አይከፋም። ዘበኛ ካቆሙልሽ የሱን ግን ማታውኑ ተነጋገሪና ጠዋት ስጪው። የምትሄዱበትን ቀን ስታውቂ ጻፊልን፤ እኛም መንገዱን ጠይቀን እንነግርሻለን።