ቁርስ በልቼ ረፋዱ ላይ ለምን ይርበኛል?

ጥያቄ፦ የምሠራው ፒያሳ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ዳቦ ስኳር በበዛበት ሻይ ስበላ እጠግባለሁ፤ ሆኖም አራት ሰዓት ሳይሞላ ከቢሯችን ሥር ካለው ኬክ ቤት የሚወጣው ሽታ ሥራ ያስፈታኛል። ፉል በበላሁ ቀን ግን እስከ ምሳ ምንም አያምረኝም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ 1፦ ነጭ ዱቄትና ስኳር ፈጥነው ስለሚፈጩ የደም ስኳርን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህንን ለማውረድ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ሲለቅ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የደም ስኳሩ መጠን ከተበላ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ከመነሻው በታች ይወርድና ረሃቡ ይመለሳል። የባቄላው ስታርች (ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጠው ክፍሉ) ግን ከአሰር (ፋይበር) እና ከፕሮቲን ጋር አብሮ ስለሚገባ የሚፈጨው ቀስ ብሎ ነው።

መልስ 2፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። እ.ኤ.አ. በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እኩል ካሎሪ ያላቸውን 38 ምግቦች በማጥገብ ኃይላቸው ሲያወዳድሩ፣ ነጭ ዳቦ እንደ 100 ተቆጥሮ፣ የተቀቀለ ድንች 323፣ ቅቤ የበዛበት ክሮሳንት ደግሞ 47 አግኝተዋል። ድንች የደም ስኳርን ፈጥነው ከፍ ከሚያደርጉት አንዱ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ ማጥገቡ፣ ውኃ ስላለው በሆድ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሻዩን ያለ ስኳር፣ ዳቦውንም ከፉል ጋር እሞክራለሁ፤ ስለ ሽታው ግን መስኮቱን ከመዝጋት ሌላ መላ አልታየኝም።