ስልኩ ሳይነዝር ኪሳችን ውስጥ የነዘረ የሚመስለን ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲያሳስበኝ የቆየ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ስልኬን ቫይብሬት ላይ አድርጌ የሱሪዬ የፊት ኪስ ውስጥ ነው የምይዘው። ቁጭ ብዬ ሳነብ ወይም በእግሬ ስሄድ ጭኔ ላይ ንዝረቱ በግልጽ ይሰማኛል፤ አውጥቼ ሳየው ግን የገባ መልእክትም ሆነ ያመለጠኝ ጥሪ የለም። ይባስ ብሎ ስልኩ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ባዶው ኪሴ የነዘረ የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ችግሩ የስልኩ ነው ወይስ ነርቮቼ ላይ የደረሰ ጉዳት ይኖር ይሆን? የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስልክ ጠጋኝ፦

በመሣሪያው በኩል ያለውን እኔ ልመልስ። ንዝረቱን የሚፈጥረው ስልኩ ውስጥ ያለ በጣም ትንሽ ሞተር ነው። ቆየት ባሉት ስልኮች በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው ብረት ተሰክቷል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ በመሆኑ በዞረ ቁጥር መላውን ስልክ ያንቀጠቅጠዋል። በአዳዲሶቹ ደግሞ በማግኔት ኃይል እየተገፋ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ክብደት አለ። ሁለቱም ከስልኩ ትእዛዝ ካልደረሳቸው ዝም ብለው አይነሡም። ሆኖም ላኪው የላከውን መልእክት ወዲያው ሲሰርዘው ማሳወቂያውም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ምንም ሳያዩ የቀሩበት ንዝረት አንዳንዴ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የማሳወቂያ ታሪክን ቢያበሩ ይህን ማጣራት ይችላሉ። የባዶው ኪስ ነገር ግን ከእኛ ሙያ ውጭ ነው።

የሥነ ልቦና መምህር፦

ጠያቂያችን፣ የገጠመዎት ነገር እጅግ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በአንድ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት ከተጠያቂዎቹ 68 በመቶ የሚሆኑት ይኸው ስሜት እንደሚደርስባቸው ያሳያል፤ በ2012 ከወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት የኮሌጅ ተማሪዎች 89 በመቶው እንዲሁ ብለዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ነገሩ እምብዛም እንደማያስጨንቃቸው ተናግረዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ከቆዳችን እንጀምር። ከቆዳ ሥር ጠለቅ ብለው የሚገኙ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባጠናቸው በጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ ስም የሚጠሩ፣ ንዝረትን የሚያነቡ የነርቭ ጫፎች አሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁት በሰከንድ 250 ጊዜ ያህል ለሚመላለስ ንዝረት ሲሆን፣ የስልክ ሞተርም የሚሠራው ከዚህ ብዙም ባልራቀ ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ጫፎች የንዝረቱን ምንጭ ለይተው አይናገሩም። ጨርቅ ቆዳን ሲፈትግ ወይም የጭን ጡንቻ ለቅጽበት ሸምቀቅ ሲል ወደ አንጎል የሚሄደው ደካማ ምልክት ከስልኩ ምልክት ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ምን እንደሆነ የሚፈርደው አንጎል ነው፤ የሚፈርደውም ከልምዱና ከሚጠብቀው ነገር ተነሥቶ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ገና በ1860ዎቹ፣ የስሜት ሕዋሳት የሚያቀብሉት መረጃ ጎዶሎ ስለሆነ አንጎል እኛ ሳናውቀው በግምት ይሞላዋል ሲል አስተምሮ ነበር።

ታዲያ አንጎል ለምን ወደ «ስልክ ነው» ያዘነብላል? በራዳር ፊት ተቀምጦ ደብዛዛ ነጥብ የሚመለከትን ወታደር ያስቡ። የጠላት አውሮፕላን እንዳያመልጠው አጥብቆ የሚሠጋ ከሆነ ለትንሿም ነጥብ ደወል ይደውላል፤ በዚህም የሚያመልጠው ሲያንስ በከንቱ የሚደውለው ይበዛል። ሁለቱን ስሕተቶች በአንድ ጊዜ መቀነስ የሚቻለው ምልክቱ ራሱ ሲጠራ ብቻ ነው። የእርስዎም አንጎል የያዘው ይህንኑ ስሌት ነው፦ አስፈላጊ ጥሪ ቢያመልጥ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ኪስን ዳብሶ ማየት ግን የሚወስደው ሁለት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ይህን የነርቭ ጉዳት አድርጎ መጨነቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ንቁ የሆነ አንጎል ሥራ ነው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከባድ ሐሳብ ነው ያቀለላችሁልኝ። ሻወር ስወስድ ስልኬ የጮኸ የሚመስለኝም በዚሁ ምክንያት ነው? ደግሞስ ይህ ስሜት እየቆየ ይጠፋል ወይስ አብሮ ይኖራል?

የሥነ ልቦና መምህር፦

አዎን፣ ሥሩ አንድ ነው። የሚወርድ ውኃ ጩኸት ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በአንድነት ስለሚይዝ፣ የጥሪዎን ዜማ የሚመስል ቁራጭ ከመካከሉ ለጠባቂ ጆሮ አይጠፋም።

መጥፋቱን በተመለከተ፣ በታይዋን ተለማማጅ ሐኪሞች ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ሥራ ሲጀምሩ 78 በመቶ ያህሉ የሐሰት ንዝረት ይሰማቸው ነበር፤ በሦስተኛው ወር ቁጥሩ ወደ 96 በመቶ ወጣ፤ ልምምዱ ካበቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ወደ 50 በመቶ ወረደ። ጥሪ የመጠበቅ ጫናው ሲቀንስ ስሜቱም ይቀንሳል ማለት ነው። በማሳቹሴትሱ ጥናት ደግሞ ቫይብሬቱን በማጥፋት ወይም ስልኩን የሚይዙበትን ቦታ በመለወጥ የተገላገሉ ነበሩ። እርስዎም ስልኩን ለጥቂት ሳምንታት ቦርሳ ውስጥ አድርገው ቢሞክሩት፣ አንጎልዎ ከጭንዎ ላይ ጥሪ መጠበቁን ቀስ በቀስ ይተዋል።

ነርስ፦

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጡንቻው በዓይን እስኪታይ ድረስ የሚርገበገብ፣ ቦታው የሚደነዝዝ ወይም እግሩ የሚዝል ከሆነ ጉዳዩ ከስልክ ጋር የተያያዘ ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ቀርበው ይታዩ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የመምህሩን ምክር መሞከር ይበቃል።