የልጅ ቃል ፍርድ ቤት ላይ ይያዛል ወይ?

የለቡ አክስት፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን ለቡ ዳር ላይ ነው። የእህቴን የ8 ዓመት ልጅ ግቢያችን የተከራየ ሰው ወሲባዊ ጥቃት አድርሶባት፣ ለእናቷ የተናገረችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰውየው ተከሷል፣ እሷም እንድትመሰክር ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ያየ ሰው የለም። የሐኪሙ ወረቀትም «ጉዳት አልታየም» ይላል። ጎረቤት «የሕፃን ወሬ ማን ይሰማል» እያለ ያስጨንቀናል፣ የሰውየው ዘመዶች ደግሞ ሽማግሌ ልከዋል። እህቴ ማታ ማታ «መጋቢት 12 ነው በይ» እያለች ታስጠናታለች። ልጅቷ የምታውቀው «ውሃ የጠፋ ቀን» መሆኑን ብቻ ነው። ምን ይሻላል?

ጥብቅና ላይ ያለሁ፦
እህቴ፣ ማስጠናቱን ዛሬውኑ አስቁሚያት። «ውሃ የጠፋ ቀን» ከመጋቢት 12 ይበልጣል፣ የራሷ ቃል ነዋ! የተከሳሽ ጠበቃ «ይሄን ማን ነገረሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «እማዬ» ካለች፣ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል።

ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ አይመሰክርም የሚል ሕግ የለንም። ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግም ስለሌለን ምዘናው በአብዛኛው የዳኛው ነው። እውነትና ውሸት ትለያለች? ዋናው ነገር ለፖሊስ ከሰጠችው ቃል ጋር ይገጥማል? መጀመሪያ ለማን፣ እንዴት ነገረች? በዕድሜዋ የማይጠበቅ የትልቅ ሰው ቃል ታወራለች? እነዚህን ያያል። ሰዓትና ቀን ብትስት ብዙም አይጎዳም። እናቷም ልጅቷ መጀመሪያ ያለቻትን ቃል በቃል ትመስክር፣ ሳታሳምር።

ሽማግሌውን በክብር ሸኙ። ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ ታርቀናል ብላችሁ ብትፈርሙም አይቀርም። ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ሲሆን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ነው፤ ከባዱ ድርጊት፣ ማለትም የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

ነርሷ፦
ወረቀቱ አያስደንግጣችሁ። ጉዳት አልታየም ማለት አልተደረገም ማለት አይደለም። የልጅ ሰውነት ቶሎ ይድናል፣ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያውኑ ምልክት አይተውም። ሐኪሙ ቀርቦ ይህን እንዲያስረዳ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁት።

ተጠራጣሪው፦
በሐሰት የሚከሰስስ የለም? ሰውየው ፊት ለፊት መጠየቅ መብቱ ነው።

ጥብቅና ላይ ያለሁ፦
መብቱማ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ። ጠበቃው ይጠይቃታል። ግን እንድታየው ግድ አይደለም።

ያለፈብኝ፦
የኛ ልደታ ፍርድ ቤት ነበር። ልጄ አሻንጉሊት ያለበት ክፍል ውስጥ ከአንዲት ባለሙያ ጋር ተቀመጠች። ባለሙያዋ የዳኛውንና የጠበቃውን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች፣ በልጅ ቋንቋ ትጠይቃታለች። ችሎቱ ደግሞ በቴሌቪዥን ያያል። ሰውየውን አላየችውም። ዳቦና ውሃ ያዙ፣ እኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ቁጭ ብለን ነበር፤ የራበው ልጅ ደግሞ አያወራም። እንዲህ ያለው ክፍል እንዲዘጋጅላት ዐቃቤ ሕጉን ቀድማችሁ አሳስቡት።

የፉሪው፦
ለሌሎቻችሁ፣ ድርጊቱ የተፈጸመው ከመንገዱ ማዶ ፉሪ ከሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው የሚያየው። ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ልጁ ካልቻለ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለማንም ቢሆን የልጅ ስምና ትምህርት ቤት እዚህ አትጻፉ።

የለቡ አክስት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእህቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። ማታ ልጅቷ ራሷ «ዛሬ ጥናት የለም?» አለችን። የለም አልናት፣ ካርቱን ከፈተች።