አስቸኳይ፦ የፒቪኤ ሜምብሬኔ በአንድ ሌሊት ኢታኖል ማሳለፍ ጀመረ

ውሃ_አልባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኢታኖል ውሃ ለማውጣት የሠራሁት የፒቪኤ (ፖሊቪኒል አልኮል) ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃን መርጦ የሚያሳልፍ ስስ ፊልም፣ ትናንት በደንብ ሲሠራ ውሎ ዛሬ ጠዋት ተበላሸ። ትናንት ፍሉክሱ (የሚያልፈው መጠን) በካሬ ሜትር በሰዓት 180 ግራም፣ ፐርሚየቱ (አልፎ በቫኪዩም የሚሰበሰበው) 97% ውሃ ነበር። ዛሬ ፍሉክሱ 320 ገባ፣ ውሃው ግን 59% ብቻ። ፊዱም (የሚገባው ቅልቅል) ሙቀቱም ያው ነው። ክሮስሊንኩ (የሰንሰለቶቹ መተሳሰር) አንሶ አብጦብኝ መሆን አለበት፤ አሳሪውን ኬሚካል፣ ግሉታራልዴሃይዱን፣ ከ5 ወደ 10% ላሳድገው ነው። አሲዱንም በዚያው ልክ ልጨምር? ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለአማካሪዬ ውጤት ማሳየት አለብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ።

ዶክ_ፖሊመር፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ፒቪኤ በየድግግሞሹ (በሰንሰለቱ በሚደጋገመው በእያንዳንዱ ክፍል) አንድ ሃይድሮክሲል ስላለው ውሃን አጥብቆ ይወዳል፤ የመረጣ ብቃቱም ድክመቱም ከዚያ ይመነጫል። ውሃ በሰንሰለቶቹ መካከል ሲገባ ያላላቸዋል፣ በላላው ቦታ ኢታኖልም ይሾልካል። የግሉታራልዴሃይድ ሥራ ሰንሰለቶቹን በአሴታል ድልድይ ማሰር ነው። አሁን «5%» ያልከው የሞል ነው የክብደት? ለምሳሌ 5 ግራም ፒቪኤ ለ44 (የአንድ ድግግሞሽ ሞላር ክብደት) ሲካፈል 0.114 ሞል ድግግሞሽ ነው። 5 ሞል በመቶ ማለት 0.57 ግራም ንጹህ ግሉታራልዴሃይድ፣ ከ25% ፈሳሹ 2.3 ግራም ገደማ። በክብደት 5% ከሆነ ግን 0.25 ግራም ብቻ ነው፤ በሞል ሲሰላ 2.2% እንኳ በቅጡ አይሞላም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

ጋዝ_ማስክ፦
ወንድሜ ግሉታራልዴሃይዱን ጨምር፣ 10% አድርገው። ፊውም ሁድ (ጭስ የሚስብ የላብ ሳጥን) ውስጥ ብቻ፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

ሞላሰስ፦
ይቅርታና ሜምብሬን ለምን አስፈለገ? ዲስቲሌሽኑ 95.6% ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ 3ኤ ሞለኪውላር ሲቭ (ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ውሃ መጣጭ እንክብሎች) ጨምረህ ማሳደር ነው። ቀዳዳው 0.3 ናኖሜትር ስለሆነ ውሃ ይገባል፣ ኢታኖል አይገባም። ቫኪዩም የለ፣ ሜምብሬን የለ፣ ለቅሶ የለ። ለአረቄ ከሆነ ደግሞ ውሃውን ተዉልን 😄

ውሃ_አልባ፦
እህት ነኝ። ቴሲሱ ስለ ሜምብሬን ነው፣ ሲቭ ከተጠቀምኩ የምጽፈው የለኝም። የእኔ 5% የሞል ነው።

ጋዝ_ማስክ፦
እሺ እህቴ፣ 10% አድርጊው።

ሚዛን_4ዲጂት፦
ከመጨመርሽ በፊት ጥቂት ነገር ንገሪን። ፊዱ ስንት በመቶ ውሃ ነው? ሙቀቱስ? የሜምብሬኑ ውፍረትና የሚሠራው ስፋት? ኦ-ሪንጉ (የማሸጊያው ቀለበት) ከምንድን ነው? ሌሊቱን ሜምብሬኑ ምን ውስጥ አደረ?

ውሃ_አልባ፦
ፊዱ በክብደት 10% ውሃ፣ 70 ዲግሪ። 30 ማይክሮን፣ ያለ ድጋፍ ሽፋን፣ ከስሩ ሲንተርድ ብረት (ከብረት ዱቄት የተጋገረ፣ ቀዳዳ ያለው) ብቻ። ስፋቱ 20 ካሬ ሴንቲሜትር። ኦ-ሪንጉ ሲሊኮን ነው። ማታ ሴሉን (ሜምብሬኑ የተገጠመበትን ዕቃ) ባዶ አድርጌ ዘግቼ ሄድኩ፣ ችግር አለው? ውህዱን የምለካው በፒክኖሜትር (የጥግግት መለኪያ ጠርሙስ) ነው።

ቀሽም_ፓምፕ፦
ትራፕሽ (ፐርሚየቱ የሚጤዝበት ዕቃ) በምን ነው የሚቀዘቅዘው? በበረዶና ጨው ከሆነ ኢታኖሉ በከፊል ሳይጤዝ በፓምፑ ያመልጣል፤ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ላይ እንኳ ጥቂት ሚሊባር የእንፋሎት ግፊት አለው። ያኔ ሜምብሬኑ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ካስፈለገሽ የከብት ማዳቀያ ማዕከል ጠይቂ፣ እነሱ ዘንድ ሞልቷል። ኮርማዎቹ አይቀየሙም።

ውሃ_አልባ፦
በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው።

ሚዛን_4ዲጂት፦
እንግዲያው ቁጥሮችሽን ላስላቸው። ትናንት ከ180ው 174.6 ግራም ውሃ፣ 5.4 ግራም ኢታኖል። ዛሬ ከ320ው 188.8 ውሃ፣ 131.2 ኢታኖል። የተጨመረው 140 ግራም ሲሆን ከእሱ ውስጥ 14ቱ ውሃ፣ 126ቱ ኢታኖል ነው። ማለትም 90% ኢታኖል፤ ልክ እንደ ፊድሽ! ሜምብሬኑ አልመረጠም ማለት ነው፤ ፊዱ ሳይጣራ በቀዳዳ እያለፈ ነው። ቢያብጥ ኖሮ የውሃውም ፍሉክስ አብሮ በብዛት ይዘል ነበር።

በ20 ካሬ ሴንቲሜትር ይህ ፍሳሽ በሰዓት 0.28 ግራም ብቻ ነው፣ በየአራት ደቂቃው አንድ ጠብታ ቢሆን ነው። በዓይን የምታይው ቀዳዳ አትጠብቂ።

ክሮስሊንክ የሆነ ፒቪኤ ሲደርቅ ይሰባበራል። ሴሉን ባዶ አድርገሽ ማታ ስትዘጊው ፊልሙ ደርቆ ተኮማተረ፤ ጠዋት ቫኪዩሙ ሲስበው ደግሞ የኦ-ሪንጉ ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ ብዬ እገምታለሁ። ግሉታራልዴሃይድ ብትጨምሪ የባሰ ተሰባሪ ይሆናል፣ ፍሉክሱም ይወርዳል። ለጊዜው አትንኪው።

ዶክ_ፖሊመር፦
በአንድ ስሌት ብቻ ማበጥን ማስወጣት አይቻልም። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሚዛን_4ዲጂት፦
ይችላሉ፣ መለያው ቀላል ነው። ሴሉን ከ70 ወደ 40 ዲግሪ አውርደሽ ለሁለት ሰዓት አስኪጂ። በቀዳዳ የሚያልፈው ፍሳሽ በሙቀት ብዙም አይለወጥም፤ በፖሊመሩ ውስጥ የሚያልፈው ግን በደንብ ይቀንሳል። ፐርሚየቱ ይበልጥ ወደ ኢታኖል ካጋደለ ቀዳዳ ነው። ማበጥ ከሆነ ይሻሻላል እንጂ አይብስም።

ከዚያ ቦታውን ፈልጊ። ፓምፑን አጥፊ፣ ሴሉን አቀዝቅዢ፣ ፊዱን አውጪ። ከሜምብሬኑ ስር ነጭ ፊልተር ወረቀት አንጥፊ፣ ከላይ ጄንሺያን ቫዮሌት ያቀለምሽበት ጥቂት ኢታኖል አፍስሺ፣ አሥር ደቂቃ ቫኪዩም ሳቢ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ በክብ ጠርዝ ከታየ ችግሩ ኦ-ሪንጉ ጋ ነው፤ መሃል ላይ ነጥብ ከታየ ፊልሙ ሲሠራ የቀረ አረፋ ወይም አቧራ ነው።

ለነገ ከዚያው ፊልም ሌላ ዲስክ ካለሽ ከድሮው ሰፋ አድርገሽ ቁረጪ። ሲንተርዱ ብረት ጠርዙ ስለት ስለሚሆን መሃሉ ላይ ፊልተር ወረቀት ይግባ። ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ በመስቀለኛ እየዞርሽ አጥብቂ፣ በአንድ ወገን ጀምረሽ አትጨርሺ። ከ70 ዲግሪ በኋላ ደግሞ ቫኪዩሙን ዘግተሽ ደግመሽ ፈትሺ፣ ሙቀት ያላላቸዋል። ሌላ ዲስክ ከሌለሽና ነጥቡ መሃል ላይ ከሆነ ቀለሙን አጥበሽ፣ ሁለተኛ ስስ ሽፋን አፍስሺበት፤ የሁለት ሽፋን ቀዳዳዎች ብዙም አይገጣጠሙም።

እና ባዶ አታሳድሪው። ከ90% በላይ በሆነ ኢታኖል ሞልተሽ ዝጊው።

ቀሽም_ፓምፕ፦
ሲሊኮን ኦ-ሪንጉንም ቀይሪው። ሲሊኮን ራሱ ኢታኖልን የሚያሳልፍ ጎማ ነው፤ በቴፍሎን ወይም በኢፒዲኤም (ሌላ ሰው ሠራሽ ጎማ) ይተካ። በአንድ ሌሊት እንዲህ ባያደርግሽም የ5.4ቱ ግራም ከፊሉ ከእሱ ሊሆን ይችላል።

ጋዝ_ማስክ፦
ቴፍሎን ጠንካራ ስለሆነ ፊልሙን ይቆርጠዋል። ኢፒዲኤም ይሻላል።

ሞላሰስ፦
ፊድሽ ከፋብሪካ የመጣ ነው ከላብ የተገዛ? የተብላላ ነገር ከሆነ አሴቲክ አሲድ ይኖረዋል፣ በ70 ዲግሪ አሴታሉን ቀስ በቀስ ይፈታዋል። በፒኤች ወረቀት ፈትሺው።

ዶክ_ፖሊመር፦
ትክክል። ከክሮስሊንክ የተረፈው ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ያንኑ ያደርጋል። ፊልሙን ማጠቢያው ገለልተኛ እስኪሆን ድረስ በኢታኖልና ውሃ ቅልቅል እጠቢው፣ በንጹህ ውሃ ግን አይሁን፣ ያብጥብሻል። ለአማካሪሽ ደግሞ ፍሉክስና ውሃን ከኢታኖል የመለየት ብቃቱን ብቻ ሳይሆን ፐርሚያንሱንም (ፍሉክሱ ለገፊው የግፊት ልዩነት ሲካፈል) አስልተሽ አቅርቢ፤ ከሌሎች ጋር ለማወዳደር የሚያመቸው እሱ ነው።

ሚዛን_4ዲጂት፦
የ40 ዲግሪው ስንት መጣ?

አሸዋ_ሲቭ፦
ሞላሰስ፣ የ3ኤ ሲቩ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚታደሰው? የእኔ እርጥበት ይዞ ቀርቷል።

ሞላሰስ፦
ከ200 እስከ 250፣ በደረቅ አየር ወይም በቫኪዩም። ኢታኖሉን መጀመሪያ በደንብ አስወግድ፣ በሞቀ ምድጃ ውስጥ እንፋሎቱ ይነዳል።