የነፋስ ተርባይን ንዝረትና የርዕደ መሬት መለኪያ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልን። በጮቄ ተራራ ግርጌ የርዕደ መሬት መለኪያ ቢተከልና በአቅራቢያው የነፋስ ተርባይን ቢቆም፣ ንዝረቱ መለኪያውን ያውካል? መሣሪያውን ጉድጓድ ውስጥ መቅበርስ በቂ ነው?

መልስ (ባሕር ዳር)፦ ያውካል። ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን በደቂቃ 15 ጊዜ ሲዞር ክንፎቹ በምሰሶው ፊት 45 ጊዜ ያልፋሉ፤ ይህ ምት ከምሰሶው መወዛወዝ ጋር በመሠረቱ በኩል ወደ መሬት ገብቶ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚጓዝ፣ ደካማ ርዕደ መሬቶችን ይሸፍናል። በስኮትላንድ በኤስክዴልሙር የርዕደ መሬት መለኪያ ጣቢያ ዙሪያ የተርባይን ግንባታ የተገደበው በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ (ቡሬ)፦ መቅበሩ ይረዳል እንጂ ችግሩን አይፈታውም። የገጸ ምድር ሞገድ ወደ ታች ሲወርድ ቢዳከምም፣ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚመታው ንዝረት በጠንካራ ዓለት ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ፣ የመቶ ሜትር ጉድጓድ እምብዛም አይቀንሰውም። የተርባይኑን ንዝረት ከምዝገባው የሚያወጣ ማጣሪያም ቢሆን የሚፈለገውን ምልክት አብሮ ሊቆርጥ ይችላል። እኔ ብሆን ርቀትን አስቀድማለሁ።