ዓርብ ቀን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር አሮጌዋን አኮ ለማየት፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የነታንያዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ ልጆቹ እረፍት ስለሆኑ አንድ ቀን ሰሜን እስራኤል ያለውን አሮጌውን የአኮ ከተማ ላሳያቸው አስቤያለሁ። የምንኖረው ነታንያ ነው። መኪና የለንም። አብረውኝ የሚሄዱት እናቴና ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ናቸው። እናቴ 72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስታይ ፊቷ ይለወጣል። ልጆቹ 9ና 12 ዓመታቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ መቀመጥ አያውቁም።

እናቴ ሰንበት ስለምታከብር ቅዳሜ አይታሰብም። እኔ ከሥራ የማርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የቀረን ዓርብ ብቻ ነው። ለግማሽ ቀን መሄድ ያዋጣል ወይ? ከባቡር ጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ትችለዋለች? ሁሉን ማየት ካልተቻለ የቱን እንተው? ምግብስ? እናቴ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) ካልሆነ አፏ አታስገባም። በዚያ ላይ ጎረቤታችን "የአረብ ሰፈር ሄዳችሁ ምን ልትሠሩ ነው" ብላ አስፈራርታብኛለች። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የክርያት ያሙ

እህቴ፣ ያዋጣል። ግን በጠዋት ከተነሣችሁ ብቻ ነው። እኔ ቅርብ ስለሆንኩ እንግዳ በመጣ ቁጥር እወስዳለሁ።

መጀመሪያ ባቡሩ። ዓርብ ባቡር ከሰዓት በኋላ ቶሎ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ የለም። ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ከመነሻው በፊት እይው። የመጨረሻውን አትጠብቂ፣ ከእሱ የሚቀድመውን ያዢ። የመጨረሻው ባቡር ወታደሩ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚገባበት ስለሆነ እናትሽ መቀመጫ ላያገኙ ይችላሉ። ከነታንያ ስትነሡ ቢንያሚና ወይም ሐይፋ ላይ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል። በሀበሻ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አኮ ብትደርሱ ጥሩ ነው።

የእናትሽ ራቭ ካቭ (የትራንስፖርት ካርድ) ላይ የጡረተኛ ቅናሹ መመዝገቡን ቀድመሽ አረጋግጪ። ካልተመዘገበ ሙሉውን ነው የሚቆርጠው።

ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ በእኔ እግር ከሃያ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በነሐሴ ሙቀት ለእርሳቸው አይሆንም። ታክሲ ያዢና "ሞኔ (ቆጣሪውን) ክፈት" በዪው። ለአራት ሰው ሲካፈል ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለውስጡ ይቆጥቡት፤ ውስጡ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ሰው ረግጦት ረግጦት የለሰለሰ። ተረከዝ ያለው ጫማ አይደረግም።

ድንጋይ አንባቢ

"የቱን እንተው" ላልሽው እኔ ልመልስ። አኮን ለመምረጥ አሠራሯን ማወቅ ይበቃል። ከተማዋ ሁለት ፎቅ ናት። ከላይ የምትረግጪው የኦቶማኖች ነው። ከሥር ያለው የመስቀል ጦረኞች፣ ከአውሮፓ የመጡት ክርስቲያን ተዋጊዎች ነው።

መስቀል ጦረኞች በ1104 ያዟት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሐዲን በ1187 ወሰዳት። በ1191 ከሁለት ዓመት ገደማ ከበባ በኋላ የእንግሊዙ ሪቻርድና የፈረንሳዩ ፊሊጶስ አስመለሷት። ኢየሩሳሌም ስላልተመለሰችላቸው ዋና ከተማቸው ያደረጓት እሷን ነው። እስከ 1291 ድረስ፣ የግብፅ ገዢዎች የነበሩት ማምሉኮች መጥተው እስኪያፈርሷት ማለት ነው። ከዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ፍርስራሽ ሆና ቆየች። በ18ኛው መቶ ዘመን የአካባቢው ገዢዎች ዳሂር አል ኡመር፣ ቀጥሎ አሕመድ አል ጀዛር ፓሻ እንደገና ሲገነቧት አሮጌውን አፍርሰው አልጣሉትም። አዳራሾቹን በአፈር ሞልተው ከላያቸው ላይ ሠሩ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ አዳራሽ ሳይነካ የተገኘው። ዩኔስኮም አሮጌውን ከተማ በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ማየት የምትችሉ ከሆነ የሆስፒታለር ባላባቶች (ከመስቀል ጦረኞቹ የመነኮሳት ተዋጊ ማኅበር አንዱ) አዳራሾችን እዩ። ከፀሐይ ትድናላችሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የምግብ አዳራሽ የሚባለው ውስጥ ስትገቡ ጣራውን የተሸከሙትን ሦስት ክብ ዓምዶች ታያላችሁ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ግማሹን አያቅፈውም። ቀና ብላችሁ ማዕዘኑን እዩ፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የሊሊ አበባ የመሰለ ምልክት አለ፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት ነው። ለልጆቹ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን አሳዪያቸው። የባላባቶቹ የድንጋይ መቀመጫ በረድፍ ተደርድሮ አለ። የወንድሜ ልጆች ከጉብኝቱ ሁሉ የሚያወሩት ስለሱ ብቻ ነው፤ ንጉሡንም ጦርነቱንም ረስተውታል።

የሚተወው? የቱርክ ሐማሙ (መታጠቢያ ቤቱ)። ፊልም መሰል ትርኢት ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ግማሽ ቀን ላለው ሰው ጊዜ ይበላል። ኻን አል ኡምዳንንም ከበሩ አይታችሁ እለፉ። ጀዛር በ1784 ያሠራው የነጋዴዎች ማረፊያ ነው፣ ዓምዶቹ ከቂሳርያ ፍርስራሽ የመጡ ናቸው። ሰዓት ያለበት ማማው ከውጭ ይታያል፤ እሱ የተጨመረው በ1906 ነው፣ ለሱልጣን አብዱልሐሚድ ክብር።

የነታንያዋ

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቴምፕላሮች (የሌላው ተዋጊ ማኅበር) ዋሻ ብዙ ሰምቻለሁ። እናቴ ትችለዋለች?

ድንጋይ አንባቢ

ልጆቹን ውሰጃቸው፣ እናትሽን ግን አይመስለኝም። ርዝመቱ 150 ሜትር ገደማ ነው፣ ከምዕራቡ ምሽግ እስከ ወደቡ የሚያገናኝ ነበር። መውረጃ አለው፣ ጣራው ዝቅ የሚልበት ቦታም አለና ጎንበስ ይባላል። ከእግራችሁ ሥር ውኃ ይፈስሳል፣ የምትሄዱት በእንጨት ድልድይ ላይ ነው። በ1994 የተገኘው በአንዲት ነዋሪ የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ ሰበብ ነው። ቱቦውን ሊጠግኑ ሲቆፍሩ የመስቀል ጦረኞችን ዋሻ አገኙ።

አንዱ ጫፍ ወደቡ አጠገብ ስለሆነ እናትሽን እዚያ ጥላ ያለበት አስቀምጠሽ፣ ከልጆቹ ጋር ገብተሽ መመለስ ትችያለሽ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከዲሲ

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልመን ስንመለስ ከማኅበራችን ጋር አኮ ገብተን ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ቅዱስ ጳውሎስ ከጢሮስ በመርከብ መጥቶ ከወንድሞች ጋር አንድ ቀን የዋለባት ከተማ እሷ ናት። ለአይሁድ እናትሽ ይሄ ብዙም ላይመስላቸው ይችላል፤ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 1 ላይ የአሴር ነገድ ነዋሪዎቿን ማስወጣት ያቃተው ከተማም ይህችው ነች በያቸው። ደስ ይላቸዋል።

እኔ የምጨምረው ስለ ግንቡ ነው። በየብስ በኩል ያለው ግንብ ላይ መውጣት በነፃ ነው፣ መድፎች አሉበት፣ ልጆች ይወዱታል። በ1799 ናፖሊዮን ከግብፅ መጥቶ ሁለት ወር ገደማ ከቦ ያቃተው እዚያ ነው። ከባድ መድፎቹን በመርከብ ሲያስመጣ እንግሊዞች ባሕር ላይ ማረኩበት። ወረርሽኙም ጦሩን ጨረሰው፤ ወደ ግብፅ ተመለሰ። ዛሬ የምታዩት ወፍራሙ ግንብ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፣ ሰውየው ይመለሳል ብለው ፈርተው።

በባሕሩ በኩል ግን ልጆችሽን በእጅሽ ያዢ! የሰፈሩ ጎረምሶች ከግንቡ ጫፍ ተንደርድረው ባሕር ውስጥ ይዘላሉ። ሰው ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ሥሩ ድንጋይ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ያንን ሲያይ ልቡ ይነሣሣል፣ እኔ የ14 ዓመቱን የእህቴን ልጅ በሸሚዙ ነበር የያዝኩት።

ታታሪዋ

እኔ ግን ዓርብን አልመክርም። ሰው ወደ ቤቱ ሊገባ ሲጣደፍ፣ ሹኩ (ገበያው) ሲጨናነቅ፣ የሚጎበኘውም ቦታ ከሌላው ቀን ቀድሞ ሲዘጋ ምኑን ታይቶ? ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቂና ማክሰኞ ሂጂ። አንዴ ነው የምትሄጂው፣ ተረጋግተሽ እዪ።

የክርያት ያሙ

ታታሪዋ ልክ ነሽ፣ ማክሰኞ ይሻላል። ግን ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ ለሁሉ የለውም። ዓርብ ብቻ ለሆነለት ሰው በጠዋት ገብቶ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ይቻላል። መዝጊያ ሰዓቱን በዋዜማው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ዓርብና የበዓል ዋዜማ ይለያያል።

እማማ ከአኮ

ልጄ፣ እኔ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው። ጎረቤትሽ እንዳለችው አሮጌው ከተማ ውስጥ የሚኖሩት አብዛኞቹ አረቦች ናቸው። ታዲያ ምን ይሁን? እኔ በየሳምንቱ ዓሣና ቅመም የምገዛው እዚያው ሹክ ነው። ባለሱቆቹ "ያ ዑሚ" (እናቴ) እያሉ ወንበር ያወጡልኛል። ችግር የተነሣባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ አልክድም፤ በ2021 እኛም ፈርተን በር ዘግተን ሰንብተናል። አሁን መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ሰሜን ስለሆንን ከመነሣታችሁ በፊት የፒኩድ ሃኦሬፍን (የሠራዊቱ የሕዝብ ጥበቃ ዕዝ) የጸጥታ መመሪያ ተመልከቱ። ጸጥ ያለ ከሆነ ኑ።

መስጊዱን ከወደዳችሁ፣ የጀዛርን ማለቴ ነው፣ አረንጓዴ ጉልላት ያለው በ1781 የተሠራው፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጸሎት ስላለ ለጎብኚ ይዘጋል። በጠዋት ካልሆነ አይሞከርም። ሴት ራሷን ትሸፍናለች። እናትሽ ነጠላ ስለሚይዙ ችግር የለባቸውም፤ አንቺ ሻርፕ ያዢ። ግቢው ውስጥ ዛፍና መቀመጫ አለ፣ ለጉልበት ጥሩ ነው።

እናትሽ የጀዛርን ነገር ሲሰሙ ስለ ኀይም ፋርሂ ንገሪያቸው። የጀዛር አማካሪና ገንዘብ ያዥ አይሁዳዊ ነበር። ናፖሊዮን በመጣ ጊዜ ከተማዋን ከተከላከሉት አንዱ እሱ ነው። ጀዛር ግን ተቆጥቶ አንድ ዓይኑን አውጥቶታል፣ አፍንጫውንም ቆርጦታል። እንደዚያም ተደርጎ አገልግሏል። እኔ ይህን ስሰማ ሁለት ቀን አላስተኛኝም።

ምግብ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ሑሙሱ (የሽምብራ ምግቡ) ዝነኛ ነው፣ ቤቶቹ ግን አብዛኞቹ የኮሸር ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ አትድከሚ፣ ስንቅ ያዢ። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ትንሽ ቆሎ። ወደቡ ላይ ጀልባዎቹን እያያችሁ ብሉ። ልጆቹ ሹኩ ላይ አይስክሬም ሲጠይቁ ማሸጊያው ላይ ማኅተም ያለበትን ግዢላቸው።

የነታንያዋ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። "የፋርሂን ሰፈር አሳዩኝ" ብላ ሐሳቧን ቀየረች። ጀልባውስ? ልጆቹ ከወዲሁ ጀልባ ጀልባ ይላሉ።

የክርያት ያሙ

ጀልባው በግንቡ ዙሪያ አጭር ዙር ነው። ሳትሳፈሩ ዋጋ ተስማሙ፤ ለሰው ነው ወይስ ለቤተሰብ፣ ደርሶ መልስ ነው ወይ፣ ብለሽ ጠይቂ። ዘፈኑን በጣም ከፍ ያደርጉታል፣ እናትሽ የማይወዱ ከሆነ ከኋላ ይቀመጡ። ባሕሩ ነፋስ ካለው ተዉት። ከወደቡ ወጣ ሲሉ ውኃው መሐል የቆመ የፈረሰ ማማ ታያላችሁ፣ የዝንቦች ማማ ይባላል፤ የወደቡ ጠባቂ የነበረ ነው።

በኔ ግምት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከታክሲ ወርዳችሁ መስጊዱ፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ የባላባቶቹ አዳራሾች። ከዚያ በሹኩ ወርዳችሁ ወደቡ። ዋሻውን አንቺና ልጆቹ። ስንቃችሁን በልታችሁ ታክሲ። የግንቡን ነገር ጊዜ ከተረፈ ነው። ትኬቱን ስትገዢ አዳራሾቹንና ዋሻውን አንድ ላይ የያዘውን ጠይቂ፣ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል።

እማማ ከአኮ

አንድ ነገር ረስቼ። ወደ ጣቢያው ስትመለሱ ታክሲውን በኦር ቶራ ምኵራብ በኩል እንዲያልፍ በዪው። የቱኒዚያ አይሁዶች የሠሩት ነው፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ። ከወለሉ እስከ ጣራው በትንንሽ የድንጋይ ጠጠር ሥዕል የተለበጠ ነው፤ እንስሳው፣ ዛፉ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ ሁሉ አለበት። ፎቅ ስላለው እናትሽ ከታች ይበቃቸዋል። ዓርብ ቀድመው ስለሚዘጉ ሐሙስ ዕለት ደውይላቸው። ታክሲው ቆሞ ከጠበቀ ሞኔው ስለሚቆጥር አሰናብቺውና ሌላ ያዢ።