በመጀመሪያው ዓመት ለደጋፊዎቼ ምን ብዬ ልጻፍ?

ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በውጭ ሀገር ሚስዮናዊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነኝ፤ አላገባሁም። ቤት የምንጋራው የቡድናችን አባል በዕድሜ ከእናቴ የሚስተካከሉ ሴት ናቸው። ጥያቄዬ ስለ ደብዳቤ ነው። በየወሩ መጨረሻ ለላከችኝ ቤተ ክርስቲያንና በግል ለሚደግፉኝ ወዳጆች የጸሎት ደብዳቤ መላክ ይጠበቅብኛል። ወሩ ከተጋመሰበት ቀን ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ የምጽፈው የለኝምና።

የለኝም ስል ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ ማለቴ አይደለም። ጠዋት የቋንቋ ትምህርት ቤት ነኝ። ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራ፣ ገበያ፣ ልብስ ማጠብ፣ አንዳንድ ጊዜም የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ ወረፋ መጠበቅ አለ። ማታ የቡድን ጸሎት፣ ወይም ከታችኛው ፎቅ ከምትኖረው ጎረቤቴ ጋር የተሰባበረ ወሬ። እሑድ ስብከት አዳምጣለሁ፤ የማውቀውን ቃል ስሰማ እነቃለሁ፣ ቀጣዩ ሲያመልጠኝ ደግሞ መዝሙሩ እስኪጀመር እጠብቃለሁ። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ የአንድ ተማሪ ውሎ እንጂ የአገልግሎት ሪፖርት አይመስልም።

ባለፈው ሳምንት የተላከልኝን ጥቅል ልቀበል ፖስታ ቤት ሄድኩ። የምለውን ዓረፍተ ነገር አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳጠናው ስለነበር መስኮቱ ጋ ስደርስ ሳልደናቀፍ ተናገርኩት። እንዲያውም ሳያምርብኝ አልቀረም፤ ሠራተኛዋ ቋንቋውን የማውቅ መስሏት በሩጫ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። ከኋላዬ ከእናቱ ጋር የቆመ፣ የወተት ጥርሱን ገና እየጣለ ያለ ልጅ ክንዴን ነካ አድርጎ ከቦርሳዬ ኪስ ብቅ ወዳለው መታወቂያዬ ጠቆመኝ። በሀገሬ ሳለሁ የወጣቶች ኅብረት መሪ ነበርኩ፤ ሰው ፊት ቆሜ ቃል አጥቼ አላውቅም። እዚህ ግን አስተርጓሚዬ ሕፃን ሆነ።

ታዲያ ይህ ይጻፋል? አብሮኝ የሠለጠነ አንድ ወንድም ከዚህ በፊት የሚያውቀው ቋንቋ ወደሚነገርበት ሀገር ስለተመደበ ደብዳቤው በጥናት ቡድንና በጥምቀት ዜና የተሞላ ነው። ደስ ይለኛል፤ ቅናትም አለበት። ሁለታችንንም የሚደግፉ ቤተሰቦች አሉ፤ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን እንደሚያነቡም አውቃለሁ።

ሌላው የውስጤ ጉዳይ ነው። ብቸኝነቱ አለ። ከትልቅ ሰው ጋር በአንድ ወጥ ቤት መኖርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የታጠበ ድስት በየት በኩል እንደሚደፋ ሳይቀር ሕግ አላቸው። ይህን ምን ያህል ልናገር? እናቴም ደብዳቤውን ታነባለች። እባካችሁ በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ።

አሮጌ ሻንጣ

ልጄ ልበልሽ፤ ልጆቼ ካንቺ ይበልጣሉ። ሦስት ሀገር አገልግያለሁ፣ በየሀገሩም ከ«ይህ ምንድን ነው?» ጀምሬያለሁ።

መጀመሪያ የቋንቋ ትምህርቱን «ገና ሥራ ሳልጀምር» ከሚለው መዝገብ አውጪው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው አማርኛን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ለመማር 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ይላል። ለዓረብኛ፣ ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ደግሞ 2,200 ሰዓት። እነዚያ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው የሚማሩ ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸውም ሥራ ፈቱ አይላቸውም። አንቺ ወረፋ እየጠበቅሽ፣ ልብስ እያጠብሽ ነው የምትማሪው። ይህን ቁጥር በደብዳቤሽ ላይ አንድ ጊዜ አስፍሪው፤ ብዙ ጥያቄ ይዘጋልሻል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠቅስልሽን ታሪክ ልጥቀስ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊሊያም ኬሪ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1793 በሕንድ ምድር ቤንጋል ገብቶ የመጀመሪያውን የሀገሬው ሰው ያጠመቀው በታኅሣሥ 1800 ነው። አሜሪካውያኑ ሚስዮናውያን አዶኒራም ጀድሰንና ሚስቱ አን በ1813 በርማ፣ ራንጉን ከተማ ደርሰው የመጀመሪያውን በርማዊ አማኝ ያዩት በ1819 ነው። ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ እሹሩሩ ይነገራል፤ «ታገሺ፣ እነሱም ጠብቀዋል» ለማለት። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማይበት። ኬሪ በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡን ለማኖር የኢንዲጎ ማቅለሚያ ፋብሪካ ያስተዳድር ነበር፤ ጎን ለጎን ግን ሐዲስ ኪዳንን ወደ ቤንጋልኛ ይተረጉም ነበርና በ1801 ታትሞ ወጣ። ፍሬ አልታየም ማለት ጠረጴዛው ባዶ ነበር ማለት አልነበረም። ያንቺም ጠረጴዛ ባዶ አይደለም። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ጻፊ።

ጳውሎስን ተመልከቺ። ሞቱ መቅረቡን አውቆ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሩጫውን ስለ መጨረሱና ስለ ጽድቅ አክሊል ከተናገረ ከጥቂት መስመር በኋላ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ አምጣልኝ ይላል። መጻሕፍቱንም። ጥሮፊሞስ መታመሙን ይነግረዋል፤ ከክረምት በፊት እንዲመጣ ይለምነዋል። ስለ በርኖስ መጻፍ ለሐዋርያው ካላሳፈረው ስለ ፖስታ ቤት መጻፍ ላንቺ ምን ነውር አለው? ያቺን የልጁን ነገር እዚህ እንደጻፍሻት አድርገሽ ላኪያት። በአንድ ደብዳቤ አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ ይበቃል፤ ወሩን በሙሉ አታራግፊው።

ስለ ብቸኝነቱ፦ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይኑርሽ። አንዱ ለሁሉም የሚሄድ፣ ሌላው አራት አምስት ለሚሆኑ፣ ስትወድቂ አይተው ለማይደነግጡ ሰዎች የሚሄድ። እናትሽ ደግሞ ከደብዳቤው በፊት ድምፅሽን ትስማ። ስትስቂ ከሰማችሽ በኋላ «ብቸኝነት አለ» የሚለውን ብታነብ ያን ያህል አትደነግጥም።

የኮሚቴው ጸሐፊ

እኔ በሌላኛው ወገን ያለሁ ነኝ። በአንዲት ላኪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚስዮናውያንን ደብዳቤ ተቀብዬ በጸሎት ጉባኤ ላይ ጮክ ብዬ የማነብ እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደ አንባቢ ልንገርሽ።

«ጌታ በመካከላችን ታላቅ ነገር እያደረገ ነው፣ በሮች እየተከፈቱ ነው፣ በጸሎት አስቡን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ «አሜን» እንላለን፤ «ጌታ ይባርካት» ብለን ወደ ሌላው እናልፋለን። ምን ብለን እንጸልይ? የትኛው በር? አንድ ጊዜ ግን አንድ ወንድም «ሐሙስ ጠዋት የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ» ብሎ ጻፈ። ሐሙስ ጠዋት ጾመው የጸለዩለት እናቶች ነበሩ። ማለፉን እስኪነግረን ድረስ በየሳምንቱ «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» እየተባልኩ መግቢያ መውጫ አጥቼ ነበር። በነገራችን ላይ አልፏል።

«ስንት ሰው ዳነ?» የሚሉ አይጠፉም፤ አልዋሽሽም። ግን ለእነሱ መመለስ የኮሚቴው ሥራ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። አንቺ በወር አንድ ገጽ ለሁሉም ላኪ። ለኮሚቴው ደግሞ ለብቻው የገንዘቡን፣ የጤናሽንና የፈቃድሽን ማብቂያ ቀን በአጭሩ ጻፊልን፤ እነዚህን ነገሮች ከጸሎት ደብዳቤ ውስጥ ለቅሞ ማውጣት አድካሚ ነው። የጳውሎስና የበርናባስ ሪፖርት በሐዋርያት ሥራ 14 ላይ እንደምናነበው እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን የሚተርክ ነበር። ከሕፃን ጋር በፖስታ ቤትም ያደርጋል።

አሮጌ ሻንጣ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚያ አራት አምስት ሰዎች አንዱ ከላኪ ቤተ ክርስቲያንሽ ይሁን። ሁሉም የልብ ጓደኞችሽ ብቻ ከሆኑ፣ ነገሩ ሲከብድ እኛ የምንሰማው ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪ ነው።

ሁለተኛ ዙር

እኔም ወጣት ነኝ፤ የመጀመሪያ ዙር አገልግሎቴን ጨርሼ ተመልሼ ወጥቻለሁ። ከላይ የተባለው መልካም ነው፤ ግን በአንዱ አልስማማም። «ትንሹን ነገር ሁሉ ጻፊ» የሚለው ምክር ሌላ ወጥመድ አለው። ጎረቤት ቤት ተቀምጠሽ፣ ሴትዮዋ ስለ ሟች ባሏ እየነገረችሽ፣ ልብሽ «ይህ ለደብዳቤው ጥሩ ይሆናል» ማለት ሲጀምር ጎረቤትነቱ እዚያው ያልቃል። ሰው እንዲህ ያለውን ቶሎ ያውቃል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ፣ እንግዳ ሆኜ በገባሁበት ቤት የሰማሁትን ለማንም አልጽፍም። መንገድ ላይ የገጠመኝን ግን እጽፋለሁ።

ሌላም አለ። ደብዳቤሽ በእኛ ቋንቋ ስለተጻፈ የሀገሬው ሰው አያነበውም ብለሽ አትተማመኚ፤ ዛሬ ስልክ ይተረጉመዋል። ሃይማኖት መለወጥ ከቤተሰብ በሚያስወጣበት ወይም በሕግ በሚያስጠይቅበት ቦታ የአንድ ሰው ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የሚኖርበት ሰፈር እንኳ ጣጣ ያመጣል። ስም አትጥሪ፣ ፎቶ ሳታስፈቅጂ አትላኪ፤ ደጋፊዎችሽም ደብዳቤውን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉት በግልጽ ጻፊበት። ለዚህ ነው የፖስታ ቤቱ ታሪክ የሚመቸው፤ ማንንም አያጋልጥም።

ስለ ድስቱ (ሳቄን ያመጣው እሱ ነው)፦ ይህ ለደብዳቤ አይሆንም፤ ለእሳቸው ግን ይሆናል። በመልካም ሰዓት፣ በአክብሮት፣ በቀጥታ ንገሪያቸው። ሚስዮናውያንን ወደ ሀገራቸው የሚመልሳቸው ስደት ብቻ አይደለም፤ ወጥ ቤትም ይመልሳል። ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት ከጠላት የተነሣ አልነበረም፤ ከጵንፍልያ ወደ ኋላ በተመለሰው በወጣቱ ማርቆስ ምክንያት ነበር። በዚያው የበርኖሱ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ጳውሎስ ማርቆስን ይዘህ ና፣ ይጠቅመኛል ይላል። በመካከል ብዙ ዓመት አለ፤ እንዴት እንደታረቁ አልተጻፈልንም።

ተማሪዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌ ሻንጣ፣ አባቴ ልበልዎት፤ የሰዓቱን ቁጥር ሳነብ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ሁለተኛ ዙር፣ ያልከው ደንብ ከብዶኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ጎረቤቴ ከምትነግረኝ ግማሹ አይገባኝም፤ ሳይገባኝ መጻፉ ደግሞ የባሰ ነው።

ድስቱን ተነጋግረንበታል። ለካስ እሳቸውም በእኔ ላይ የያዙት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብዬ የማጠናቸው ግሦች በግድግዳው አልፈው ይቀሰቅሷቸዋል። አሁን ሰገነት ላይ ወጥቼ ነው የማጠናው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከታች ሆና ታርመኛለች። ስለ ድስቱ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ረቂቄ ይህ ነው፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ቢያዩልኝ፦

«በዚህ ወር ትምህርታችን ወደ ኃላፊ ጊዜ ገብቷል። ስለዚህ ትናንት ምን እንዳደረግኩ መናገር እችላለሁ፤ ነገ ምን እንደማደርግ ግን ገና አልተማርኩም። ጎረቤቴና እኔ ስለ ትናንት ብቻ እናወራለን። የቃል ፈተናዬ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ነው፤ ሁለት መምህራን ፊት ተቀምጬ ለሩብ ሰዓት ማውራት አለብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ስለሚል ያን ጊዜ አስቡኝ። ጌታ በኃያል ክንዱ በዚህች ምድር ድንቅን እያደረገ መሆኑን ሳበስራችሁ በታላቅ ደስታ ነው።» ከዚህ በኋላ የፖስታ ቤቱ ታሪክ ይቀጥላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጪው፤ አንቺ የጻፍሽው አይመስልም። የቀረውን እንዳለ ላኪው። የፈተናውን ሰዓት ደግሞ በላኪ ቤተ ክርስቲያንሽ ሰዓት አቆጣጠር አድርገሽ ጻፊ፤ አለዚያ አንቺ ፈተና ላይ ስትሆኚ ሕዝቡ ተኝቶ፣ ፈተናው ካለቀ በኋላ ተነሥቶ ይጸልያል።